የመንታዎቹ ጋሪና የብረቱ ደፍ

አዲስ ጎማ ሲሸተኝ እግሬ አልንቀሳቀስ ይለኛል። ያን ቀን ለመንታ የልጅ ልጆቼ ጋሪ ልመርጥ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አጠገብ ያለ የሕፃን ዕቃ መሸጫ ስገባም፣ ገና በሩ ላይ ሽታው ተቀበለኝና የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ካርቶኑ የተቀደደ፣ ጎማው አፈር ያልነካ ጋሪ ደጃፉ ላይ ተገትሯል። የዛሬው ሱቅ ካለበት ሃምሳ እርምጃ በማይርቅ ጥግ፣ በወጣትነቴ ብስክሌት አከራይም ጠጋኝም ነበርኩ። ቆርቆሮ ክዳን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ እንደ ቋንጣ የተሰቀሉ ከመነዳሪዎች፣ የጎማ የውስጥ ላስቲኮች ማለት ነው፣ ውጭ ደግሞ የተነፈሰ ቦታ የሚፈለግበት ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል። ለሩብ ሰዓት አሥር ሳንቲም፣ ለግማሽ ሰዓት አሥራ አምስት፣ ሰዓት ሙሉ ለሚወስድ ደንበኛ ሥሙኒ። ወጣቶቹ እግሩ ሰፊ የሆነ ሱሪ ለብሰው ይመጡና ሱሪው ከሰንሰለቱ ጋር እየተያዘ ይቀደዳል፤ ከጎኔ የነበረው ልብስ ሰፊ በእኔ ብስክሌት ሀብታም ሆነ ማለት ይቻላል። የእሱ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ክራር ያዘፍናል፣ እኔ በዜማው ልክ የጎማውን ሽቦ፣ ራጂውን፣ አጠብቃለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ከደሴ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ስመጣ የማውቀው ነገር ቢኖር ማየት ነበር። አንድ ሽማግሌ ጎማ ሲጠግኑ አንድ ጊዜ አየሁ፤ በነጋታው ከእሳቸው የተሻለ ጠገንኩ። ፊደልም የቆጠርኩት ዕቃ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው በዚያው ፊደል ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሰናይት የምትባለዋ የሱቁ ልጅ፣ «ኣቦይ፣ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብላ የተቀበለችው።

«ለመንታ ነው» አልኳት። «ገና ወራቸውን አልሞሉም። የጎማው ኩሽኔታ የየት ሀገር ነው?»

«ግራጫም ሮዝም አለን።»

ስለ ኩሽኔታ ስጠይቃት ስለ ቀለም ትመልስልኛለች። ስለ ፍሬኑ ስጠይቃት የስልክ ማስቀመጫ ኪስ እንዳለው ትነግረኛለች። አንዱን ጋሪ ወለሉ ላይ ገልብጬ ጎማውን አሽከረከርኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጥሩ ጎማ ሲዞር ሹክሹክታ እንጂ ድምፅ የለውም፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ከሦስት አይበልጥም፣ ሁለቱን ደግሞ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ሰናይት «ኣቦይ፣ እሱ እኮ የሚሸጥ ዕቃ ነው» አለችኝ። «የሚሸጥ ከሆነማ ይመረመራል» ብዬ ሌላውን ገለበጥኩ። ሁለት ዓይነት ነበር ያላት፤ ልጆቹ ጎን ለጎን የሚተኙበትና አንዱ ፊት አንዱ ኋላ የሚሆንበት። ጎን ለጎኑን መረጥኩ። ምክንያቱን ሳብራራላት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ፤ እሷ በመሃል ሁለት ደንበኛ ሸኝታለች።

ምክንያቴ ግን ከዚያ ሱቅ አልነበረም። ከዓመታት በፊት ለራሴ ልጆች የሠራሁት ጋሪ ነበረ። ትርሓስ፣ ይህች ዛሬ መንታ የወለደችው ልጄ፣ የተወለደችው ታላቅ ወንድሟ መራመድ ሳይጀምር ነው። እናታቸው አብረኸት፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንዱን በጀርባዋ አዝላ ሌላውን በክንዷ አቅፋ ገበያ ስትወርድ ሳያት ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ጋሪ ሠራሁ። ከሁለት አሮጌ ብስክሌት የወጡ ጎማዎች፣ ለግንባታ ከሚሆን ፌሮ የታጠፈ ወገብ፣ ከቢራ ሳጥን እንጨት የተሠራ ጎን ለጎን መቀመጫ። ሰማያዊ ቀለም ቀባሁት፤ እጀታው ላይ የብስክሌት ደወል ገጠምኩለት። በዚያን ጊዜ በዚህ ከተማ የሁለት ልጅ ጋሪ ያየ ሰው አልነበረም ብል ማንም አያስተባብለኝም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እኔ ያቺን ናይለን ሸሚዜን ለብሼ፣ አብረኸት ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጆቹን ጭነን ወደ እንዳ ኢየሱስ አቅጣጫ እንወጣ ነበር። ሰው ከበሩ ይወጣል፤ የሻይ ቤት ተስተናጋጅ ብርጭቆውን ይዞ ይቆማል። ደወሉን ሳያስፈልግም እደውለዋለሁ።

በሥራ ቀን ግን ጋሪው ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። አብረኸት እንደ ድሮዋ አንዱን አዝላ አንዱን አቅፋ ትሄዳለች። «ሠርቼልሽ የለም ወይ?» ስላት «ቀለሙ ይላጣል፤ ለእሑድ ይቆይልን» ትለኝ ነበር። ምን ያህል ብትሳሳለት ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ለወዳጆቼም ይህንኑ አወራላቸው ነበር።

ስለዚህ ትርሓስ መንታ ወልዳ ገና አልጋ ላይ ሳለች «ኣቦይ፣ ለሁለቱ የሚሆን ጋሪ ይገኝ ይሆን?» ስትለኝ፣ የዕድሜ ልክ ጥያቄ የተጠየቅሁ ያህል ተነሳሁ። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ቤት የሚያድርባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። የምትኖረው ከእኔ ጋር፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ገንዘቡን እሷ ሰጠችኝ፣ ዕውቀቱ የእኔ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀችኝ። «ቆንጆ ባይሆንም ግድ የለኝም። ብቻዬን የምወጣበት ይሁን።» ይህን ሰምቻለሁ። በደንብ ግን አላዳመጥኩትም።

ጋሪው ቤት ሲገባ ሰፈሩን አዳረስኩት። የክርስትናው ቀን ሁለቱንም በአንድ ጋሪ እየገፋሁ ቤተ ክርስቲያን እንደማደርስ፣ መንታ እንዲህ ሆኖ ሲሄድ ማየት የሚፈልግ በጠዋት እንዲነሳ ነገርኩ። ዋዜማው ማታ ትርሓስ ናሆምን እያጠባች «ኣቦይ፣ ነገ የናሆም ብቻ መሆኑን አልረሳህም አይደል?» አለችኝ።

«የሶልያናስ?»

«ሴት ናት እኮ። ሰማንያዋ ገና ነው። እኔም እስከዚያ ቤተ ክርስቲያን አልገባም።»

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ፤ ይህን የማያውቅ ክርስቲያን የለም፣ እኔም ከማንም በላይ አውቃለሁ። ችግሩ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተከታትለው ስለተወለዱ ቀናቸውንም አብሬ አስሬው ነበር። መንታ ሲሉኝ ሁሉ ነገራቸው መንታ መሰለኝ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ በጠዋት ሊነሳ ነው፤ ጋሪው ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው።

ባዶ ጋሪ ብቻ ቢሆን እሺ። ጎን ለጎን የሆነ ጋሪ በአንድ ወገን ብቻ ሲጫን ወደ ተጫነበት ይጎትታል። ንጋት ላይ ናሆምን አስተኝቼ ግቢ ውስጥ ብሞክረው ቀጥ ብሎ አልሄድ አለኝ፤ በየሦስት እርምጃው ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን አቅፎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን መፍትሔ የማጣ ሰው አይደለሁም። ጓዳ ለድግሱ የተገዛ ሽንኩርት አለ። የናሆምን ክብደት በክንዴ ገመትኩ፤ አራት ኪሎ ይሆናል። ያንኑ ያህል ሽንኩርት በሻሽ ቋጥሬ በሶልያና ቦታ አስተኛሁና ብርድ ልብስ አለበስኩት። ጋሪው እንደ ባቡር ቀጥ አለ። ሊያጅበን የመጣው የናሆም የክርስትና አባት አየኝና ነጠላውን አስተካከለ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘውዲ አገኘችን። «እንቋዕ ማርያም መሓረታ፣ ኣቦይ በቀለ» ብላ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት ስትል መረቀች። ናሆምን ሳመችው። ከዚያ «ሴቷንም ልሳማት» ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠች። ሁላችንም ቆምን።

«ይህችማ ሽጉርቲ ናት» አለች፣ ሽንኩርቱን በትግርኛ ጠርታ።

«ሚዛን ናት» አልኳት።

«ማንን መሰለች?»

«ዘውዲ፣ ቅዳሴ ሊጀመር ነው።»

«አባቷን ነው የመሰለችው» አለች፤ ብርድ ልብሱንም እንደ እናት አስተካክላ መለሰች። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ወሬው ከፊታችን ቀድሞ ሄደ። እስከ ዛሬ ዘውዲ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «ሽጉርቲ እንዴት አደረች?» ትለኛለች። ስለ ሚዛን ሕግ ላስረዳት ስሞክር ደግሞ ታቋርጠኛለች። በዚህ ከተማ ለሚዛን ክብር ያለው ሰው አላገኘሁም።

እዚህ ላይ ስለ በራችን መናገር አለብኝ። የግቢውን በር የሠራሁት ራሴ ነኝ። መኪና የሚያስገባ ትልቅ በር አለ፤ ከጎኑ ሰው የሚያልፍባት ትንሽ በር አለች። የትንሿ በር ደፍ ከስንዝር ከፍ ያለ ወፍራም ላሜራ ነው፣ ግራና ቀኝ ከምሰሶው ጋር የተበየደ። ድሮ ክረምት ሲሆን የመንገዱ ጎርፍ የየሰውን ሳሎን ሲጎበኝ የእኔ ግቢ ደረቅ ነበር። ሰዎች መጥተው ደፉን በእግራቸው ነክተው ያደንቁ ነበር። የትልቁ በር መወርወሪያ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ የሚመስል ብረት ነው፤ ሌባ ቢመጣ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ሰፊውን ጋሪ በክርስትናው ቀን ያወጣሁት ያንን መወርወሪያ በትከሻዬ አንስቼ ትልቁን በር ከፍቼ ነው። ይህን እንደ ችግር አልቆጠርኩትም። እኔ እከፍተዋለሁ።

ከአምስት ቀን በኋላ የአንድ ወር ተኩል ክትባታቸው ነበር። ዓይደር በኩል ወዳለው ጤና ጣቢያ ይወሰዳሉ፣ ዘውዲ አንዱን ልትይዝላት ተስማምታ ነበር። እኔ በጠዋት ከቀድሞ የብስክሌት ደንበኞቼ ጋር ሻይ ልጠጣ ወጣሁ፤ ስለ ጋሪው የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኩለ ቀን ላይ ስመለስ ትርሓስ የመውጫ ጫማዋን እንዳደረገች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ልጆቹ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለው ጋሪው ውስጥ ተኝተዋል። ዘውዲ ቀብር ገጥሟት ቀርታለች።

«ጋሪው አለ አይደል? ለምን አልሄድሽም?»

«በትንሿ በር አይወጣም፣ ይሰፋል። የትልቁን በር መወርወሪያ ደግሞ ማንሳት አልቻልኩም።»

«ሰው ትጠሪ ነበር።»

ትርሓስ ስትናደድ ድምጿን ዝቅ ነው የምታደርገው፤ ይህን ከእናቷ ወርሳለች። «ሰው ሳልጠራ መውጣት ነው የፈለግሁት፣ ኣቦይ። ጋሪ ያልኩህ ለዚህ ብቻ ነው። ልጆቹን ለማስከተብ ጎረቤት እለምናለሁ፣ ዳቦ ለመግዛት አንተን እጠብቃለሁ። ከወለድኩ ጀምሮ ራሴን ችዬ አንድ ጊዜ ከዚህ በር አልወጣሁም።»

መናደድ የነበረብኝ በራሴ ነው፤ እኔ ግን በሰናይት ተናደድኩ። በማግስቱ ልጆቹን ትርሓስና እኔ ይዘን አስከተብናቸው። ከዚያ ጋሪውን በጀርባዬ ተሸክሜ ሱቁ ሄድኩና «ይህን የሸጥሽልኝ በሬን ሳትጠይቂ ነው» አልኳት።

«ልጠይቅዎት ስል ስለ ኩሽኔታ እያወሩ ነበር» አለችኝ። ልጅቱ ምላስ አላት። ደግነቱ ቅን ናት፣ በሌላው ልትቀይርልኝ ተስማማች። «እሺ ኣቦይ፣ በሩ ስንት ይሰፋል?»

«አንድ ክንድ ከስንዝር።»

«በማን ክንድ?»

«በእኔ ነዋ።»

ሜትር አውጥታ ክንዴን ለካችው። ዕድሜ ልኬን ስለካበት የኖርኩትን ክንድ፣ እንደ መጋረጃ ጨርቅ። ፊትና ኋላ የሆነው ጋሪ ጠባብ ነው፣ ያልፋል አለች። ከዚያ «ደፍ አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ፤ ስለ ደፉ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ከፍታውን፣ የላሜራውን ውፍረት፣ ጎርፉን ነገርኳት።

«ጋሪውን በዚያ ላይ የሚያሳልፈው ማነው?»

«እኔ።»

«እርስዎ የሌሉ ቀንስ?»

«እኔ ሁልጊዜ አለሁ» አልኳት።

ሁለተኛው ጋሪ ከፊተኛው ይሻላል፣ ይህን እመሰክራለሁ። ቀላል ነው፣ መሪው ይታዘዛል። ገና ከሱቁ ሳላወጣው ኩሽኔታውን ፈትቼ ግሪሱን ቀየርኩለት፤ ሰናይት ዓይኗን ጨፍና አሳለፈችኝ። ቤት ስደርስ ከሳጥኔ ውስጥ የሰማያዊውን ጋሪ ደወል አውጥቼ እጀታው ላይ ገጠምኩለት። ከዚያ ትርሓስ ፊት በሁለት እጄ አንስቼ ደፉን አሳለፍኩትና መለስኩት። «ይኸው፤ አሁን አንቺ» አልኳት። ልጆቹን አስተኛች። የፊት ጎማውን ደፉ ላይ አወጣች። የኋላው ሲቀር ጋሪው ወደ ኋላ አዘነበለ፤ ፊት የተኛው ናሆም እግሩ ወደ ሰማይ ሆነ፣ ሶልያና ማልቀስ ጀመረች። «ጉልበትሽን አስደግፊ፣ ከዚያ ወገቡን በግራ እጅሽ...» እያልኩ ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ሞከረች። በሦስተኛው ልጆቹን አወጣችና ሁለቱንም አቅፋ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«እናቴም እዚህ ነበር የምትቀመጠው» አለች።

«የት?»

«እዚህ። ሰማያዊው ጋሪ ለምን ስድስት ቀን ግድግዳ ተደግፎ እንደሚውል አልጠየቅሃትም?»

«ጠይቄያታለሁ። ለእሑድ ይቆይ ትለኝ ነበር።»

«እሑድ አንተ ስላለህ ነዋ። የፌሮ ጋሪ ሁለት ልጅ ተጭኖበት ይህን ደፍ እንዴት ታሳልፈው? አንድ ቀን ሞክራ ወንድሜ ወድቆ ግንባሩ ተፈነከተ። አንተን ምን አለችህ? ከአግዳሚ ወደቀ አለችህ።»

ያን ጠባሳ አውቀዋለሁ። አግዳሚውንም ገፍቼ ጥግ አስይዤው ነበር፣ ልጅ እንዳይወድቅበት ብዬ።

«ለምን አልነገረችኝም?»

«ጋሪውንም ደፉንም ለሰው ስታሳይ እያየችህ ምን ትበል? ‹ሲደሰት ደስ ይለኛል› ትለኝ ነበር። ደግሞ ትስቃለች። እኔ ግን አልስቅም፣ ኣቦይ፤ ደክሞኛል።»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ጎርፉስ ልላት ነበር። ከተሠራ ጀምሮ አንድ ጠብታ ውሃ አልገባም ልላት ነበር። አልኩም ይሆናል፣ አላስታውስም። የማስታውሰው የመሣሪያ ሳጥኔን ከአልጋ ሥር መጎተቴን ነው። ሁለት መንገድ ማዶ በመቁረጫ ማሽን በአንድ ደቂቃ የሚጨርስ ብየዳ ቤት አለ፤ አልጠራሁም። ሴጌቶ የሚባለው የእጅ ብረት መጋዝ አለኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ከግራ ጀመርኩ። የበየድኩት እኔ ስለሆንኩ ጥሩ ብየዳ ነው፤ ክፉኛ ጥሩ ነው። ሁለት ምላጭ ሰበርኩ። ዘውዲ ስታልፍ ቆማ «ኣቦይ በቀለ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። «በር እየሠራሁ ነው» አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሽንኩርት ሳታነሳ ሄደች። ቀኙን ጎን ስጨርስ ፀሐይ ዞራለች። ላሜራው ወደቀ። ቦታው ላይ አቧራና ሁለት የሚያብረቀርቁ ቁርጦች ቀሩ፤ ልጅ እንዳይቆርጡ በሞረድ አለዘብኳቸው።

የሶልያና ሰማንያ አለፈ፣ ክርስትናዋም በደስታ ተፈጸመ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትርሓስ ሁለቱን ጋሪው ውስጥ አስተኛች፣ የመውጫ ጫማዋን አደረገች።

«ወዴት ነው?»

«የትም።»

በሩን ልከፍትላት ተነሳሁ። «ተቀመጥ፣ ኣቦይ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እጆቼ ራሳቸው ሊነሱ ሲሉ ጭኔ ሥር አስገባኋቸው። በክንዷ በሩን ገፋች፣ ጋሪውን አሳለፈች፣ በሩን በተረከዟ መለሰችው። የፊት ጎማው ሲያልፍ አልሰማሁም፣ የኋላውም ሲያልፍ አልሰማሁም። ኩሽኔታው ሹክ እንኳ አላለም፤ የማን ግሪስ ሆነና።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠፋች። በየደቂቃው በሩን አየሁ። ከሩቅ፣ ከጥጉ ወዲያ፣ ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ። ስትመለስ ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል፤ ሁለቱም ተኝተዋል።

«ምን ሠራሽ?» አልኳት።

«ምንም» አለች። «ሄድኩና ተመለስኩ።»

አብረኸት የፈለገችው ይህንኑ ነበር። እኔ ሦስት ቀን ሱቄን ዘግቼ ደወል ያለው ጋሪ ሠራሁላት።

ላሜራውን አልጣልኩትም፤ ግድግዳው ሥር፣ ሰማያዊው ጋሪ ይቆምበት የነበረ ቦታ ላይ አለ። ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ በበሩ ሰተት ብሎ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ መጥረጊያና ባልዲ ከወዲሁ በረንዳው ላይ አስቀምጫለሁ።